እኔና ወንድሜ በዕጣ የተከፈልን ጊዜ

እኔ ለእናቴ በዕጣ የደረስኩ ልጅ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው የምቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም። ላም በሚካፈሉበት ቀን፣ ማሰሮና ሙቀጫ በሚካፈሉበት ቀን፣ እናቴና አባቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜንም በዕጣ ተካፍለውናል። ዕጣውን ያወጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፤ ዛሬም ሳስበው ክው እላለሁ። የሚገርመው ግን ያን ቀን ከእኔና ከአንድ መንገደኛ በቀር የደነገጠ ሰው አለመኖሩ ነው።

ቤታችን ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ ወረድ ብሎ በፎገራ ሜዳ ላይ ነበር። አባቴ የሜዳው ተወላጅ ነው፤ ከሰው አስበልጦ ከብቶቹን ይወዳል እያለች እናቴ ታማርረው ነበር። እሷ የመጣችው ከአንበሳሜ በኩል፣ ከደረቅ አገር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው ደጃችን ድረስ ሲተኛ፣ ትንኙ ከየረግረጉ ሲነሳ፣ «ሰው ቤቱን ከውኃ መሀል ይሠራል?» ትላለች። አባቴ ደግሞ «ሣሩን አታይም?» ይላታል። የተፋቱበትን ምክንያት እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም። እናቴን ስጠይቃት ጥፋቱ የአባቴ ነው፤ አባቴን ስጠይቀው የእናቴ ነው፤ ዝርዝሩን ሁለቱም አይናገሩም። እኔ የማውቀው አንድ የግንቦት ጠዋት ሽማግሌዎች መጥተው ከበረቱ አጠገብ መቀመጣቸውን ነው። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ሦስት።

ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ፤ ሁለት በአባቴ ወገን፣ ሁለት በእናቴ ወገን፣ በመካከል አንድ ሰብሳቢ። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ፍቺን የሚጨርሱት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው ይላል ሲባል ሰምተዋል። ከሕጉ የሰሙት ይህንኑ ብቻ ነው፤ የቀረውን በሚያውቁት መንገድ ሠሩት። ሰብሳቢው በአገሩ ሁሉ በሐቀኝነታቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። የእርሻ ድንበር ሲያካፍሉ እጃቸው አይዛነፍም ይባላል፤ ለአንዱ አድልተው ለሌላው አጉድለው አያውቁም። ጉድ የሠራን ይኸው ሐቀኝነታቸው ነው።

ዕጣ አጣጣሉን ለማያውቅ ልንገረው። ሽማግሌዎቹ ንብረቱን ሁለት እኩል ምድብ ያደርጉታል። ከዚያ ባልና ሚስት አንድ አንድ ምልክት በሥውር ለሰብሳቢው ይሰጣሉ። በሌላ አገር ጠጠር ይይዛሉ አሉ፤ የእኛ ሜዳ ጥቁር መረሬ ስለሆነ ጠጠር ብርቅ ነው። አባቴ የኩበት ቁራጭ ሰጠ፣ እናቴ የጓያ ፍሬ ሰጠች። ቀጥሎ የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠራና አንዱን በአንዱ ምድብ ላይ፣ ሌላውን በሌላው ላይ ይጥላል። ጓያው የወደቀበት ምድብ የእናቴ፣ ኩበቱ የወደቀበት የአባቴ ይሆናል። ምልክቱ በየዙሩ ይለወጣል። ማንም በማንም ላይ ቅር አይሰኝም፤ የጣለው እግዜር ነው ይባላል።

ለዚህ ሥራ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። «ነይ የኔ ልጅ፣ አንች ነሽ ተንኮል የማታውቂ፤ ነይ አውጭልን» አሉኝ ሰብሳቢው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ላሞቹን አካፈልኩ፣ በሬዎቹን አካፈልኩ፣ የጎተራውን ጤፍና የማጀቱን ዕቃ አካፈልኩ። በጣልኩ ቁጥር ሽማግሌዎቹ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ አንድ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ቤታችን ለሁለት እየተቀደደ መሆኑ አልታየኝም ነበር። ልጅ ነኛ!

ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ሰብሳቢው «ያልተካፈለ ነገር ቀርቷል?» ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ልጆቹ ቀርተዋል» አለ። አነጋገሩ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም፤ ወንፊቱ ቀርቷል እንደሚል ሰው ነበር ያለው።

«ሁለት አይደሉ? እንግዲህ አንድ ለአንድ ነው» አሉ ሰብሳቢው። ወንድሜን አምጥተው ቁርበት ላይ አስቀመጡት። እኔ እንደለመድኩት ምልክቱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«አንች ደግሞ እዚያ ማዶ ቁጭ በይ» አሉኝ።

«እኔም እካፈላለሁ?»

«አንችም።»

 እናቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። አባቴን አየሁት፤ ወደ ላሞቹ ዞሯል። አንድ ሰው «ኧረ ይኸስ ይቅር» እስኪል ጠበቅሁ። ማንም አላለም። ኋላ ሳስበው የገባኝ ነገር፣ እነሱ ክፉ የሚሠሩ እንዳልመሰላቸው ነው። ሁለቱንም ለእናት ቢሰጡ አባት ሊበደል ነው፣ ለአባት ቢሰጡ እናት ልትበደል ነው። እኛ ልንበደል እንችላለን የሚል ነገር ባጠገባቸውም አላለፈ።

ዕጣውን የሚያወጣልን ሰው እንፈልግ ተባለና በመንገድ ዳር የጨው አህዮቹን እየነዳ ወደ ወረታ የሚያልፍ እስላም ነጋዴ ተጠራ። ጠባዩ የታወቀ፣ ወረታ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ቀረበና የሚሠራው ሲነገረው መጀመሪያ ሳቀ። የሚቀልዱበት መስሎት ነው። ቁርበቱ ላይ ያለውን ወንድሜን፣ ቀጥሎም እኔን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ወላሂ አላደርገውም» አለ። «ስንት አገር ዞሬአለሁ፣ የሰው ልጅ በዕጣ ሲካፈሉት አላየሁም። ይኸ ሕጻን ሳይጠባ ያድራል?»

«ጡት ሊተው ምን ቀረው» አለ አንዱ።

ነጋዴው ሽማግሌዎቹን ትቶ ወደ እናቴ ዞረ። «እህቴ፣ ወረታ ፍርድ ቤት አለ። ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አህዮቹን ነድቶ ሲሄድ እንኳ ዞር እያለ ያየን ነበር። እኔ ያን ሰው ተከትዬው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደ እኔ የደነገጠ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ሰብሳቢው ትንሽ አፈሩ መሰለኝ፣ ግን የጀመሩትን ሳይጨርሱ የሚነሱ ሰው አይደሉም። «እሷው ታውጣው» አሉ። ምልክቱ ተለወጠ፤ አንዱ ገለባ፣ አንዱ ቅጠል። ዓይኔን በነጠላ ሸፈኑኝና ሁለቱንም በእጄ አስያዙኝ። «አንዱን ለወንድምሽ ስጭው፣ ሌላውን ራስሽ ያዥ» አሉኝ። የትኛው የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ለማን የቱ ይሻላል ብዬ አላሰብኩም፣ ምንም አላሰብኩም። ገለባውን ሰጠሁት። ወንድሜ ጨዋታ መስሎት እየሳቀ ተቀብሎ ወደ አፉ ከተተው።

«ገለባው የአባቱ ነው!» አሉ።

በቃ። በእኔ እጅ ወንድሜ የአባቴ ሆነ፣ እኔ የእናቴ። ለሰብሳቢው «መቼ ነው ተመልሰን አንድ ላይ የምንሆነው?» አልኳቸው። ቀን የሚቆረጥለት ነገር መስሎኝ ነበር። እሳቸውም ራሴን ዳሰስ አድርገው «እግዜር ያውቃል» አሉኝና ጋቢያቸውን አጣፉ። እናቴ እጄን ይዛ ስትወጣ ወንድሜ በአክስቴ ጀርባ ላይ ሆኖ ይጮኽ ነበር። አክስቴ የአባቴ እኅት ናት፣ ያላገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ሴት እሷ ሆነች። እናቴ ወደ ኋላ አልዞረችም። እንዴት ያለች ጨካኝ ናት ብዬ ተቆጣሁ።

ወረታ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን ገባን። እናቴ ጠላ ትጠምቃለች፣ እኔ ውኃ እቀዳለሁ። ብዙም አታወራም ነበር። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለች ቀጥ ትልና ጡቷን በእጇ ደግፋ ትቆማለች። ወተቱ ገና አልደረቀም ነበር። እኔ አጠገቧ እያለሁ የምታስበው እሱን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እያዘንኩላትም እቀናለሁ። ሁለቱ ባንድ ልብ ውስጥ አይኖሩም የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም።

ክረምቱ ገባና ሜዳው እንደ ልማዱ በውኃ ተሸፈነ። ሦስት ወር ሙሉ ከወንድሜ ምንም አልሰማንም። ውኃው ሸሽቶ ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲከፈት አክስቴ በገበያ ቀን ይዛው መጣች። እናቴ ከሩቅ አይታው ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። ያየነውን ነገር እንዴት ብዬ ልናገረው? ልጁ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዱ ተነፍቶ እግሩ ሰምበሌጥ አክሏል። ወባ ሁለት ጊዜ ጥላዋለች አለች አክስቴ። እናቴ እጇን ዘርግታ «ና የኔ ጌታ» ስትለው ከአክስቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀባት። አላወቃትም።

ወሽመጧ ሲቆረጥ አየሁ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። አክስቴ ራሷ ደንግጣ፣ «ኧረ እናትህ ናት፣ ሂድ» እያለች ብትገፋውም ይብስ ጮኸ። በማግሥቱ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ያንን የጨው ነጋዴ ፍለጋ ሱቁ ሄደች። እሱም ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ወሰዳት።

ማመልከቻ ጸሐፊው ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚውል ሰው ነበር። እኔን እናቴ ራቅ ብለሽ ጠብቂ ስላለችኝ የተባባሉትን አልሰማሁም። ሰውየው ሲጽፍ፣ እናቴ ስትናገር፣ እሱ ብዕሩን አንስቶ አንድ ነገር ሲጠይቃት፣ እሷ አንገቷን ስትደፋ አየሁ። ከዚያ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። ስንሄድ ቀና ብሎ አየኝና «ይህች ናት?» አላት። እሷም «አዎ» አለች። ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ። ለምን እንደመጠጠልኝ አልገባኝም፤ ለወንድሜ ያዘነ መስሎኝ ነበር።

ችሎቱ የተቀጠረው ለኅዳር ነው። አባቴ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። ወንድሜም በአክስቴ ጀርባ መጣ። ዳኛው ከሌላ አገር ተሾመው የመጡ፣ ካፖርት የሚለብሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። በፊታቸው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ አዲሱ ሕግ ያ ነው ተባለ። ሰብሳቢያችን መጽሐፉን በአክብሮት ካዩ በኋላ እንዴት እንደጨረሱት በኩራት አስረዱ።

«ላሙን እኩል፣ በሬውን እኩል፣ ልጁን እኩል፤ ማንንም አልበደልንም ጌታዬ። ሁሉም በዕጣ ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምኑ በዕጣ ነው?»

«ሁሉም።»

«ልጆቹም?»

«ልጆቹም ጌታዬ። አንድ ለአንድ።»

 ዳኛው ነገሩን ለማመን እንደሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ጀምረው ጠየቁ፤ እንዴት መደባችሁ፣ ማን አወጣው፣ ምን ምን ተካፈለ። ሰብሳቢውም እያንዳንዱን ሲዘረዝሩ፣ «የምትታለበዋ ላም ገና የምትጠባ ጥጃ ነበረቻት። ጥጃዋ ከእናቷ ከተለየች ስለምትሞት እነሱን አልከፈልናቸውም፤ ባንድ ምድብ አድርገን...» አሉና በመሀል ተቋረጡ። አፋቸው ክፍት ነበር። የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት። እኒያ እጃቸው የማይዛነፍ ሽማግሌ ያን ሰዓት ሲደነግጡ አየኋቸው፤ አክስቴ ጀርባ ላይ ያለውን ቢጫ ልጅ አዩ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ ያን ቀን ብዙም አልተናገሩም።

ዳኛው መጽሐፉን ገልጠው አነበቡ። ቃሉን እንዳለ አላስታውሰውም፤ ያስረዱበትን ግን አልረሳሁትም። «አባቶቼ፣ ሕጉ የአባት ድርሻ የቱ ነው፣ የእናት ድርሻ የቱ ነው አይልም። ለልጁ የሚበጀው የት ነው ይላል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ከባድ ምክንያት ከሌለ ከእናቱ ጋር ይሁን ይላል።»

አንደኛው ሽማግሌ ተነሣ። «ለልጁ? ልጅ የሚበጀውን የት ያውቃል ጌታዬ?»

«እሱ ስለማያውቅ ነው እኛ የምናስብለት» አሉ ዳኛው።

እኔ ይህን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። በዚህ ዓለም ላይ ስለ እኔ የሚያስብ መጽሐፍ መኖሩን አላውቅም ነበር። ወንድሜ ይመለሳል፣ እኔም አለሁ፣ ሦስት ሆነን ወደዚያች ጠባብ ቤት እንገባለን አልኩ በልቤ። ልክ ያን ጊዜ ዳኛው የእናቴ አቤቱታ እንዲነበብ አዘዙ። የችሎቱ ጸሐፊ ቆሞ አነበበ። «ወንዱ ልጄ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነ፣ በወባም እየተሠቃየ ስለሚገኝ ለእኔ እንዲሰጠኝ፤ በምትኩም በዕጣ የደረሰችኝን ሴት ልጄን ለአባትዋ የምለቅ መሆኔን አመለክታለሁ።»

በምትኩም። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። እጄ እናቴ እጅ ውስጥ ነበር፤ እያነበበ ሳለ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር። መንጭቄ አወጣሁት። አባቴ ወንድሜን ቢፈልግ አይገርመኝም፤ ወንድ ልጁ ነው። እናቴ ግን፣ ውኃ የቀዳሁላት፣ ስትቆም አብሬያት የቆምኩት፣ እኔን ለልዋጭ አቀረበችኝ?  ማመልከቻ ጸሐፊው ለማን ከንፈሩን እንደመጠጠ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዳኛውም ደነገጡ። «ለምን ነው ሴቲቱን የምትለቂያት?» አሏት።

እናቴ ድምፅዋ ተቆራርጦ፣ «ይኸኛው ይሞትብኛል ጌታዬ። እሷ ጠንካራ ናት፣ ትችላለች» አለች።

ትችላለች! አሥር ዓመቴ ነው እኮ። ዛሬ እናት ሆኜ ሳየው፣ ያቺ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሕጉ አመዛዝን የሚለውን ነገር ብቻዋን አመዛዝና መጥታለች። እሷ ይበልጥ የምታስፈልገው ለማን ነው፣ ማን ያለ እሷ ይተርፋል፣ ብላ አስባ ነው። ያን ዕለት ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ላምጣ? የሰማሁት አልፈልጋትም ስትል ነው።

ዳኛው ጠረጴዛቸው ላይ ጎንበስ አሉና በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው፣ «እሺ። ሁለቱም ለአንቺ ቢሰጡሽስ? ታሳድጊያቸዋለሽ?» ብለው ጠየቋት።

እናቴ ዝም አለች።

ሁላችንም ጠበቅን። ከውጭ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማል። እናቴ ዳኛውን እያየች ደርቃ ቀረች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። በልቤ «በይ፣ አዎ በይ» እላለሁ። አላለችም። ዳኛው ቢጠብቁ ቢጠብቁ መልስ ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ ልጄ። አንቺ ነፍስ ያወቅሽ ነሽ። ከማን ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ?»

እልህ አነቀኝ። እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «ከአባቴ ጋር» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንዲያማት።

ያኔ ነው ድምፅዋ የወጣው። «አይሆንም! ቆይ ጌታዬ፣ አይሆንም!» ብላ ጮኸች። ተራ አስከባሪው ዝም በይ አላት። ዳኛው እውነትሽን ነው ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ አዎ አልኩ። ጻፉት። ወንዱ ልጅ ከእናቱ ጋር፣ ሴቲቱ በፈቃዷ ከአባቷ ጋር። ከዚያም እንድቀርብ ጠርተውኝ፣ «ሐሳብሽ የተለወጠ ቀን እዚህ መጥተሽ ንገሪኝ፤ ማንም አይቆጣሽም» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ሰብሳቢያችን ከኋላ ሆነው በደከመ ድምፅ ለአጠገባቸው ሰው፣ «ያው አንድ ለአንድ ሆነ» ሲሉ ሰማኋቸው። በሕጉም ቢሆን እኩል በመውጣቱ ትንሽ የተጽናኑ ይመስሉ ነበር።

ውጭ ስንወጣ እናቴ ወንድሜን አዝላ ሮጣ ደረሰችብኝ። ክንዴን ያዘችኝ። «ልጄ፣ ሁለቱንም ሲሉኝ እኮ ይቻላል እንዴ ብዬ ነው የደነገጥኩት። ከሁለት አንድ ካልሆነ አይሰጡኝም መስሎኝ ነበር። ማንም እኮ ሁለቱም ይቻላል አላለኝም፤ እስኪ ግቢና ንገሪያቸው» አለችኝ። አባቴ በበቅሎው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ወንድ ልጁን ስለተነጠቀ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን አልጎተተኝም። ልመለስ እችል ነበር። አላመንኳትም። ክንዴን አስለቀቅሁና ወደ አባቴ ሄድኩ።

አባቴ ክፉ አልነበረም፣ አክስቴም አልበደለችኝም። ወባውም እንደተባለው ቻልኩት። ከአክስቴ ጋር ወረታ ገበያ እወጣ ነበር። እናቴን ላለማየት እጠነቀቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባቴ ቤት ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ እልሄ ላላ አለና ከገበያው መሀል ከአክስቴ ተሰውሬ እናቴ ቤት ሄድኩ። በሩ ዝግ ነበር። ጠላ ሻጭ በገበያ ቀን ቤቷን ትዘጋለች? ገበያተኛው ሁሉ ተጠምቶ በሚዞርበት ቀን? ከእኔ ሸሽታ ነው አልኩ። ዳግመኛ አልሄድኩም። ኋላ ኋላ በዓል ሲሆን እየሄድኩ እጠይቃት ጀመር፤ እንደ እንግዳ ተቀምጬ፣ በልቼ፣ አመስግኜ እመለሳለሁ። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ።

ወንድሜ ጎረምሳ ሆኖ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሊጠይቀን መጣ። አባቴ ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው መልሱልኝ አላለም ነበርና፣ እሱ እዚያው ከእናታችን ጋር ነው ያደገው። ላሞቹን እያየን ስንጨዋወት እየሳቀ፣ «በአንች ምክንያት ስንት ፀሐይ መትቶኛል መሰለሽ» አለኝ።

«እንዴት በእኔ ምክንያት?»

«ገበያ በዋለ ቁጥር ነዋ። እማየ ቤቷን ዘግታ እኔን ይዛ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ትውል ነበር። ሰው ሁሉ ጠላ አምጭ እያለ ይቆጣታል። እህትህ ቃሏን ልትለውጥ ስትመጣ ብቻዋን እንዳትፈራ ትለኛለች። ስንት ዓመት መሰለሽ!» አለ። የማውቀው ነገር መስሎት ነው የሚያወራኝ።

 ገበያ ስንወጣ እኔ አክስቴን በፍርድ ቤቱ በኩል አሳልፌአት አላውቅም። ያ መንገድ ጭቃ ነው እያልኩ በጓሮ በኩል አዞራት ነበር፤ በጋም ቢሆን።